የመኪና መብራትና እግረኛ፦ በድሬዳዋ የምሽት ጎዳና ላይ መብራትን እንዴት ማስተካከልና መጠቀም ይገባል

ድሬዳዋ ላይ ቀኑ ስለሚያቃጥል ሰው ጉዳዩን የሚያደርሰው፣ ዘመድ የሚጠይቀውና ገበያ የሚወጣው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። በቀፊራ ገበያ ዙሪያ፣ በደቻቱ ድልድዮች፣ ከመጋላ ወደ ከዚራ በሚያሻግሩት መንገዶችና በሳቢያን ጎዳናዎች እግረኛው የሚበዛው አሽከርካሪው አጥርቶ ማየት በሚሳነው በዚሁ ሰዓት ነው። ከተማዋ ከምድር ወገብ ብዙ ስለማትርቅ ድንግዝግዙ አጭር ነው፤ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጨለማው ይወርዳል፣ ዓይን ግን በዚህ ፍጥነት ጨለማን አይለምድም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ ትራፊክ አደጋ ሲሞቱ፣ ከእነዚህ ውስጥ 23 በመቶ ያህሉ እግረኞች ናቸው። የሚከተለው መመሪያ በዋናነት ለባጃጅ፣ ለታክሲ፣ ለቤት መኪናና ለጭነት መኪና አሽከርካሪዎች የተጻፈ ሲሆን፣ እግረኞችን የሚመለከተው ክፍል መጨረሻ ላይ ይገኛል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር መታወቅ አለበት። እግረኛው በጨለማ መንገድ ላይ የመኪናን መብራት ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ያያል፤ አሽከርካሪው ግን ጥቁር ልብስ የለበሰን ሰው በአጭር መብራት (ዝቅ ብሎ ቅርቡን በሚያበራው የፊት መብራት) የሚለየው አብዛኛውን ጊዜ 30 ሜትር ገደማ ሲቀረው ነው። እግረኛው ብርሃኑ ዓይኑ ውስጥ ስለገባ፣ ፊቱም ስለበራ፣ «እኔ ካየሁት እሱም አይቶኛል» ብሎ ያምናል። በዚህ ጉዳይ ላይ ከ50 ዓመታት ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩትም እግረኞች በሌሊት የሚታዩበትን ርቀት ከእውነተኛው እጅግ አብዝተው እንደሚገምቱ ነው። ሕፃን ልጇን ይዛ አስፋልት የምታቋርጥ እናት ግድየለሽ ስለሆነች አይደለም የምትሳሳተው፤ የምታየው ብርሃን እንደታየች ስለሚነግራት ነው። ስለዚህ ይህን ልዩነት አውቆ የማጥበብ ኃላፊነት በቅድሚያ መሪ የጨበጠው ሰው ነው ብዬ አምናለሁ።

የርቀቱ ሒሳብ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ እንመልከት። በደረቅ አስፋልት ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና፣ አሽከርካሪው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ተኩል ሰከንድ ቢወስድበት፣ እስኪቆም ድረስ 45 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ 70 ሜትር ይጠጋል፤ በ40 ኪሎ ሜትር ግን 25 ሜትር ይበቃዋል። እንግዲህ ጥቁር የለበሰው እግረኛ የሚታየው በ30 ሜትር ከሆነ፣ በአጭር መብራት እየተጓዘ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነዳ ሰው የሚነዳው ከማየት ችሎታው ፈጥኖ ነው። ከዚህ በታች ያለው የመብራት እንክብካቤ ሁሉ ይህችን 30 ሜትር ለማርዘም ይረዳል፤ ፍጥነት የመቀነስን ቦታ ግን ሊተካ አይችልም።

አጭሩን መብራት በግድግዳ ላይ ማስተካከል

የአጭር መብራት ብርሃን የላይኛው ጠርዙ የተቆረጠ ነው። ጠርዙ ከመኪናው በራቀ ቁጥር ወደ መሬት ዝቅ እንዲል ተደርጎ የሚስተካከል ሲሆን፣ ለቤት መኪና የተለመደው መጠን በየአንድ ሜትሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። መብራቱ ከመሬት 70 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የተገጠመ ከሆነ ጠርዙ በ40 ሜትር ርቀት ላይ ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ይላል ማለት ነው፤ በዚያ ርቀት ላይ የቆመ ሰው በደንብ የሚበራው ቁርጭምጭሚቱና ጫማው ነው። ጠርዙ ከዚህም ዝቅ ካለ እግረኛው ጭራሽ ዘግይቶ ይታያል፤ ከፍ ካለ ደግሞ ብርሃኑ ከፊት የሚመጣውን አሽከርካሪና እግረኛ ዓይን ያጥበረብራል።

ልኬቱን ለማየት ጋራዥ መሄድ የግድ አይደለም። ሜዳማና ጸጥ ያለ ቦታ ፈልገው መኪናውን ከግድግዳ ፊት ለፊት በ10 ሜትር ርቀት ላይ ቀጥ አድርገው ያቁሙ። አስቀድመው የጎማዎቹን ንፋስ ያስተካክሉ፤ አንድ ሰውም በሹፌሩ ወንበር ላይ ይቀመጥ። ከመሬት እስከ መብራቱ እምብርት ያለውን ከፍታ በሜትር ለክተው ያንኑ ከፍታ በግድግዳው ላይ በፕላስተር ያመልክቱ፤ ከእርሱ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብለው ሁለተኛ መስመር ይለጥፉ። ቦታ ጠቦዎት በ5 ሜትር ርቀት ላይ ካቆሙ ሁለተኛው መስመር ከመጀመሪያው 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ይበል። ከዚያም አጭሩን መብራት አብርተው፣ አንደኛውን መብራት በካርቶን ጋርደው፣ የሌላኛው ብርሃን የላይኛው ጠርዝ በታችኛው መስመር ላይ ማረፉን ይመልከቱ። ካላረፈ ከመብራቱ ጀርባ ያለውን ማስተካከያ ብሎን ጥቂት በጥቂት እያዞሩ ያስተካክሉ። የጭነት መኪና መብራት ከዚህ ከፍ ብሎ ስለሚገጠም ዝቅታው ጨመር ማለት አለበት፤ በብዙ መኪኖች ላይ ትክክለኛው መጠን በመቶኛ ተገልጾ ከመብራቱ አጠገብ ተጽፎ ስለሚገኝ እርሱን መከተል የተሻለ ነው።

በግድግዳው ላይ ሳሉ ሌላም የሚታይ ነገር አለ። እንደ አገራችን ቀኝ ይዞ ለሚነዳበት መንገድ የተሠራ መብራት የብርሃኑ ጠርዝ በቀኝ በኩል ወደ ላይ ያዘነብላል፤ ይህም የቀኙን የመንገድ ዳርና በዚያ የሚሄደውን እግረኛ ከሩቅ ለማሳየት ነው። ጃፓንን ለመሰሉ ግራ ይዞ ለሚነዳባቸው አገሮች የተሠራ መኪና ግን ይህ ከፍታ ያለው በግራ በኩል ነው። መሪው ወደ ግራ ተዛውሮ መብራቱ ሳይቀየር የቀረ፣ ወይም በምሥራቁ አገራችን አልፎ አልፎ እንደምናየው መሪው እስካሁን በቀኝ ያለ መኪና፣ በሌሊት ከፊት የሚመጣውን ሰው እያጥበረበረ በቀኝ ዳር ያለውን እግረኛ በጨለማ ይተዋል። ብሎን በማዞር ይህ አይስተካከልም፤ መብራቱ ራሱ መለወጥ አለበት፤ ወጪውም ቢሆን የሚገባው ወጪ ነው።

ጭነት ሌላው ችግር ነው። ከኋላ ሦስት ሰው የጫነ ባጃጅ ወይም ሽንኩርትና ጫት ሞልቶ የተጫነ አይሱዙ ፊቱን ቀና ስለሚያደርግ፣ ባዶውን ሳለ ልክ የነበረው መብራት ሲጫን ዓይን ላይ ይወጣል። በብዙ መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ ከ0 እስከ 3 ወይም ከዚያ በላይ ቁጥር ያለው የመብራት ማስተካከያ ይገኛል፤ ቁጥሩ ሲጨምር መብራቱ ዝቅ ይላል። ከጭነት በፊት ማዞር፣ ጭነት ሲራገፍ መመለስ ብቻ ነው የሚፈለገው። ባጃጅ እንዲህ ያለ ማስተካከያ ስለሌለው፣ ልኬቱን ሰዎች ከኋላ ተቀምጠው መውሰድ ይሻላል።

አምፖል፣ ሽቦና የመብራቱ መስታወት

በብዙ መኪኖች ላይ የሚገኘው ኤች 4 የተባለው ሃሎጅን አምፖል በውስጡ ሁለት ክሮች አሉት፤ ለረጅሙ 60 ዋት፣ ለአጭሩ 55 ዋት። ከአጭሩ ክር ሥር የተገጠመችው ትንሽ የብረት ጋሻ ብርሃኑ ወደ ላይ እንዳይፈናጠር የምታደርገው እርሷ ስለሆነች፣ አምፖሉ ተጣምሞ ከገባ ጠርዙ ይጠፋል። ስለዚህ ሦስቱ ጥርሶች በየቦታቸው መግባታቸውን ያረጋግጡ፤ መስታወቱንም በጣት አይንኩ፤ የእጅ ቅባት ሙቀት ስለሚያጠራቅም ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

በመለዋወጫ መደብሮች የሚሸጠው፣ በሃሎጅን ቤት ውስጥ የሚገባው የኤልኢዲ አምፖል ብዙዎችን ይማርካል፤ ነገር ግን የመብራቱ ቤት የተሠራው ብርሃኑ ከቀጭን ክር ከአንዲት ነጥብ እንደሚወጣ ታስቦ ነው። የኤልኢዲው ብርሃን ከሌላ ቦታና በሌላ ቅርጽ ሲወጣ ቤቱ ሊሰበስበው ስለማይችል ይበተናል። አሽከርካሪው ከፊቱ ያለው አስፋልት ስለነጣለት የተሻለ ያየ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን የቅርቡ ንጣት ዓይኑን ስለሚያጠብበት የሩቁን ጨለማ የባሰ ያጨልምበታል። ነጣ ያለውና ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ብርሃን ደግሞ ከቢጫው ይልቅ የሌላውን ሰው ዓይን ይቆጠቁጣል። ከፋብሪካው ኤልኢዲ ሆኖ የተሠራ መብራት ሌላ ነገር ነው፤ ቤቱም የተሠራው ለእርሱ ነውና።

መብራታቸው የደከመ አሮጌ መኪኖች ብዙ ጊዜ የሚያስፈልጋቸው አዲስ አምፖል ሳይሆን ጤናማ ሽቦ ነው። የሃሎጅን ብርሃን በቮልቴጅ ላይ እጅግ ይመረኮዛል፤ ቮልቴጁ በ10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ዝገት የበላው የግራውንድ ሽቦና የላላ ሶኬት ይህን ያህል ለማሳጣት በቂ ናቸው። ጥሩ ኤሌክትሪሺያን በአምፖሉ ሶኬት ላይ መብራቱ በርቶ ሳለ በቴስተር ለክቶ ወዲያው ሊነግርዎ ይችላል።

የፕላስቲክ መስታወቱ ደግሞ በድሬዳዋ ፀሐይ ቶሎ ይቢጫል፤ ከላዩም አቧራው አለ። አቧራውን ሁልጊዜ ምሽት ከመውጣትዎ በፊት በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ። የቢጫውን ሽፋን በውኃ በራሰ ባለ 1000፣ ቀጥሎም ባለ 2000 ብርጭቆ ወረቀት ፍቆ በማለስለሻ ማጥራት ይቻላል፤ ሆኖም ከፀሐይ የሚከላከል ቀለም አልባ ሽፋን ካልተቀባ በጥቂት ወራት ተመልሶ ይቢጫል። የፊቱን መስታወት ከውስጥ በኩል ማጽዳትም አይረሳ፤ ከውስጥ የተጋገረው ጭጋግ ከፊት የሚመጣውን መብራት በትኖ እግረኛውን ይሸፍናል።

ረጅሙን መብራት መቼ ማብራት፣ መቼ ዝቅ ማድረግ

ከከተማ ወጥተው በሽንሌ አቅጣጫ ወይም በመልካ ጀብዱ በኩል ባለ ጨለማ መንገድ ላይ ከፊትዎ ማንም ከሌለ ረጅሙን መብራት መጠቀም ትክክል ነው፤ እግረኛን ከሩቅ የሚያሳይ ሌላ መንገድ የለምና። ከፊት መኪና ሲመጣ ዝቅ ማድረግን አብዛኛው አሽከርካሪ ያውቃል። የማይደረገው ለእግረኛ ዝቅ ማድረግ ነው፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። እግረኛው የንፋስ መከላከያ መስታወት ወይም ወደ ታች የሚመለስ የፀሐይ መከላከያ የለውም፤ ብርሃኑ በቀጥታ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ለበርካታ ሰከንዶች የአስፋልቱን ጠርዝ፣ የተከፈተ ቦይ፣ ከኋላው የሚመጣ ባጃጅ መኖሩንም መለየት አይችልም። ዕድሜ ሲገፋ ይህ የማገገሚያ ጊዜ ይረዝማል፤ የዓይን ሞራ ያለበት ሽማግሌ ደግሞ ብርሃኑ በዓይኑ ውስጥ ስለሚበተን ከፊቱ ነጭ መጋረጃ የተዘረጋ ያህል ይሆንበታል። በዚህ ጊዜ ሰው የሚያደርገው ወይ ባለበት መድረቅ ነው፣ ወይ በደመ ነፍስ ወደ መንገዱ መግባት ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። በረጅሙ መብራት እግረኛውን እንዳዩት መጀመሪያ እግርዎን ከነዳጅ ላይ ያንሱ፤ ፍጥነቱ በአጭር መብራት ሊነዳ ወደሚችል መጠን ሲወርድ መብራቱን ዝቅ ያድርጉ፤ እግረኛውን አልፈውት ሲሄዱ መልሰው ከፍ ያድርጉ። ፍጥነት ሳይቀንሱ መብራት ብቻ ዝቅ ማድረግ አደገኛ ነው፤ አሁን ያዩትን ሰው እንደገና ሊሰውርብዎ ይችላል። በዳሽቦርድ ላይ የምትበራው ሰማያዊ ምልክት ረጅሙ መብራት እንደበራ ታመለክታለች፤ የመንገድ መብራት ባለበት ከተማ ውስጥ ይህች ምልክት በርታ መታየት የለባትም።

እርስዎን ሌላው ካጥበረበረዎ በአጸፋው ረጅም መብራት አይልቀቁ፤ ሁለታችሁም ሳታዩ የምታልፉት መንገድ ላይ እግረኛ አለ። ዓይንዎን ከመብራቱ አንስተው ወደ ቀኙ የአስፋልት ጠርዝ ይመልሱና ፍጥነት ይቀንሱ። ሁለት መኪኖች ፊት ለፊት ሲገናኙ በመካከላቸው የሚያቋርጥ ሰው ለሁለቱም ጭራሽ የማይታይበት ቅጽበት አለ። እንዲሁም ተሳፋሪ ለማውረድ ጨለማ ዳር ላይ የቆመ መኪና የፊት መብራቱን አብርቶ ከቆየ ከጀርባው የሚወጣውን ሰው ሁሉ ይሰውራል፤ ሲቆሙ ወደ ፓርኪንግ መብራት ይመልሱ። በአይሱዙዎችና በተሳቢዎች ጣሪያ ላይ የሚገጠሙት ፓውዛዎች በማንኛውም የሰው መንገድ ላይ ሊበሩ አይገባም።

መብራትዎ ለእግረኛው የሚሰጠው ምልክት

እግረኛ በሌሊት የመኪናን ርቀትና ፍጥነት የሚገምተው በሁለቱ የፊት መብራቶች መካከል ያለው ክፍተት እየሰፋ በሚሄድበት ሁኔታ ነው። አንዱ አምፖል የተቃጠለበት መኪና ይህን መለኪያ ያጠፋል፤ እግረኛው ሞተር ሳይክል መጣ ብሎ በግራ በኩል ሊያልፈው ሲሞክር የመኪናው ሌላኛ ጎን ያገኘዋል። አንድ የፊት መብራት ብቻ ያለው ባጃጅም በተመሳሳይ ምክንያት ከእውነተኛ ቦታው የራቀና የዘገየ መስሎ ይታያል፤ ስለሆነም የባጃጅ ነጂ በስፋቱ ዳርና ዳር ያሉትን ትናንሽ መብራቶችና አንጸባራቂዎች ሁልጊዜ የሚሠሩ ማድረግ አለበት። ለጌጥ የሚለጠፉት ሰማያዊና ቀይ የኤልኢዲ መስመሮች ደግሞ ከጥቅማቸው ጉዳታቸው ያመዝናል፦ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ የሚለው ሥርዓት የተሠራው ሰው በጨለማ ውስጥ መኪናው እየመጣ ነው ወይስ እየሄደ ነው የሚለውን በቀለም ብቻ እንዲለይ ነው፤ ከፊት ቀይ ያበራ ባጃጅ እየሄደ ያለ ይመስላል።

መብራት ብልጭ ማድረግ ከሁሉ የከፋውን አለመግባባት ያመጣል። አንዱ አሽከርካሪ ብልጭ የሚያደርገው «እለፍ» ለማለት ነው፤ ሌላው «መጣሁ፣ እንዳትገባ» ለማለት ነው። እግረኛው የትኛው እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ለእግረኛ ቅድሚያ የሚሰጡ ከሆነ ከዜብራው በፊት ሙሉ በሙሉ ቆመው በእጅዎ ያሳዩ፤ ከጎንዎ ሌላ መኪና እየመጣ አለመሆኑንም በስፖኪዮ አረጋግጠው ነው። ፍሬቻ ከመታጠፍዎ በቂ ጊዜ ሲቀር ይብራ፤ ከወትሮው ፈጥኖ የሚመታ ፍሬቻ አብዛኛውን ጊዜ ከአምፖሎቹ አንዱ መቃጠሉን ይናገራል። የኋላ ማርሽ ነጭ መብራት በቀፊራ ዓይነት በተጨናነቀ ቦታ ሕፃናትን የሚያስጠነቅቅ ዋና ምልክት ስለሆነ ተቃጥሎ አይቆይ።

በደንገጎ ዳገት

ከድሬዳዋ ወደ ሐረርም ሆነ ወደ ቁልቢ የሚወጣው የደንገጎ መንገድ ጠመዝማዛ ስለሆነ የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የፊት መብራት ቀጥ ብሎ እንጂ ከመንገዱ ጋር ታጥፎ ስለማያበራ፣ በኩርባው ውስጠኛ ጠርዝ የሚሄድ ሰው ብርሃኑ ላይ የሚገባው በመጨረሻው ሰዓት ነው። ከኩርባ በፊት ፍጥነት መቀነስ እንጂ ከኩርባው ውስጥ ፍሬን መያዝ አያድንም። በሌላ በኩል ሌሊት የራሱ ጥቅም አለው፦ ከኩርባው ማዶ የሚመጣ መኪና ብርሃኑ በገደሉ ላይ ቀድሞ ስለሚታይ፣ እርሱን እንዳዩ ሳይጠብቁ ዝቅ ማድረግ ይችላሉ። ጉም ሲወርድ ረጅሙ መብራት ከጉሙ ላይ ተመልሶ ዓይንዎን ስለሚሸፍን አጭሩን ብቻ ይጠቀሙ።

በቆላው መንገድ ደግሞ ግመል አለ። የግመል ሰውነት ከአጭር መብራት ጠርዝ በላይ ስለሚቀር በብርሃኑ ውስጥ የሚታዩት ቀጫጭን እግሮቹ ብቻ ናቸው፤ ቀለሙም ከአሸዋው ጋር ይመሳሰላል። አንድ ግመል ካዩ ሌሎችም፣ ከኋላቸውም እረኛ ይኖራል ብለው ይቁሙ።

እግረኛው ማድረግ የሚችለው

ከከተማ ውጭ የእግረኛ መንገድ በሌለበት ግራ ይዘው ይሂዱ፤ የቅርቡ መስመር መኪኖች ከፊትዎ ስለሚመጡ ያዩዋቸዋል፣ የአጭር መብራታቸው ከፍ ያለው ጠርዝም የሚያበራው እርስዎ ያሉበትን ዳር ነው። ነጭ ነጠላ በትከሻ ላይ መጣል ከጥቁር ይሻላል፤ ግን ከላይ እንደተገለጸው ብርሃኑ በሩቅ የሚያገኘው እግርን ስለሆነ፣ ነጭ ወይም አንጸባራቂ ነገር ከጉልበት በታች ቢሆን ይበልጥ ይጠቅማል። አንጸባራቂ ፕላስተር ብርሃኑን ወደመጣበት ስለሚመልሰው ከ150 ሜትር በላይ ርቀት ሊታይ ይችላል። በቁርጭምጭሚትና በእጅ አንጓ ላይ ሲታሰር ደግሞ የእርምጃው እንቅስቃሴ የሚሄድ ሰው መሆኑን ወዲያው ያሳውቃል፤ በደረት ላይ ብቻ ያለ ቁራጭ ግን የመንገድ ምልክት ሊመስል ይችላል። ከሌሊት ፈረቃ በቡድን የሚመለሱ ሠራተኞች ከፊትና ከኋላ ያሉት ቢያስሩት መላው ቡድን ይጠበቃል።

ሲያቋርጡ የአንድ መኪና መብራት ስላለፈ ብቻ አይግቡ፤ ዓይንዎ እስኪለምድ ጥቂት ሰከንድ ቆመው ከጀርባው የሚከተለውን ይመልከቱ። መኪናው ፍጥነት መቀነሱን የሚያውቁት በመብራቱ ድምቀት ሳይሆን አፍንጫው ዝቅ ሲል፣ የሞተሩ ድምፅ ሲለወጥና በመጨረሻም ሲቆም ነው። የሞባይል መብራት ከያዙ ወደ አሽከርካሪው ዓይን ሳይሆን ወደ ራስዎ እግር ያብሩት።

ጋሪ የሚነዱ ሰዎች በጋሪው የኋላ ሁለት ጠርዞች ቀይ፣ በፊት ሁለቱ ነጭ አንጸባራቂ ፕላስተር ይለጥፉ፤ ከኋላ የሚመጣው አሽከርካሪ የጋሪውን ሙሉ ስፋት እንዲያውቅ ፕላስተሩ ወደ መሐል ሳይገባ ዳር ዳሩን ይያዝ፣ አቧራውም በየዕለቱ ይጠረግ።